እግዚአብሔር ሁሉ እንዲድን ከወደደ፣ አስቀድሞ መወሰን ምንድን ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ዱባይ ነው። ቅዳሜ ማታ ከአገር ልጆች ጋር መጽሐፍ ቅዱስ እናጠናለን፤ ኦርቶዶክስም ጴንጤም አለን። 1ኛ ጢሞቴዎስ 2፥4 እግዚአብሔር ሰዎች ሁሉ ሊድኑ ይወዳል ይላል። ሮሜ 9፥18 ደግሞ የሚወደውን ይምረዋል፣ የሚወደውንም እልከኛ ያደርገዋል ይላል። የቱን እንያዝ? ሁሉን ቻይ ከሆነና ሁሉ እንዲድን ከወደደ፣ ሁሉ የማይድነው ለምንድን ነው? ታላቅ ወንድሜ ከእምነት ከወጣ ስድስት ዓመት ሆነው። ባለፈው ስለ እሱ እያለቀስኩ ስጸልይ ከመካከላችን አንዱ «ከተመረጡት ከሆነ ይመለሳል፤ ካልሆነ ያንቺ እንባ አይለውጠውም» አለኝ። ከዚያ ወዲህ መጸለይ አቅቶኛል።

ምላሽ፦ እኅቴ፣ ጤና ይስጥልኝ። ጥያቄሽን ሁለት ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ላይ ላዩን ስለ ሁለት ጥቅስ ነው፤ ሥሩ ግን ወንድምሽ ነው። ስለዚህ ከታች ወደ ላይ ልሂድ።

ያ ልጅ የተናገረው የካልቪን፣ የ16ኛው መቶ ዓመት የተሐድሶ መምህር፣ ትምህርት መስሎት ይሆናል። ካልቪን ግን እንዲህ አላስተማረም። አስቀድሞ መወሰንን አጥብቀው የሚይዙ አስተማሪዎች፣ እግዚአብሔር መድረሻውን ሲወስን መንገዱንም አብሮ ወስኗል ነው የሚሉት። ስብከቱ፣ ጸሎቱ፣ የእኅት ለቅሶ የመንገዱ ክፍል ናቸው። «ምርቱ ከተወሰነ ምን አደከመኝ» ብሎ ዘሩን ጎተራ ውስጥ የሚተው ገበሬ የለም።

ደግሞ ይህን ትምህርት በምዕራቡ ክርስትና ያቆመው ሰው ማን እንደ ሆነ ልንገርሽ፤ አውግስጢኖስ ነው (354–430፤ ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ወጣት ሳለ ዘጠኝ ዓመት ያህል ከማኒ ተከታዮች ጋር፣ ቤተ ክርስቲያን መናፍቃን ከምትላቸው ጋር፣ ኖሯል። እናቱ ሞኒካ ታለቅስለት ነበር። አንድ ጳጳስ ዘንድ ሄዳ «ልጄን አነጋግርልኝ» አለችው። ጳጳሱ ራሱ በልጅነቱ ለማኒ ሰዎች ተሰጥቶ ያደገ ነውና ነገሩን ያውቀዋል፤ «አሁን አይሰማም፣ ተይው፣ እያነበበ ራሱ ይደርስበታል» አላት። እሷ ግን እያለቀሰች ሙጭጭ አለችበት። ሰውየው ሲሰለቸው «በቃ ሂጂልኝ፤ የዚህ ሁሉ እንባ ልጅ ሊጠፋ አይችልም» ብሎ ሸኛት። ይህን የጻፈልን ያው የተለቀሰለት ልጅ ነው። እግዚአብሔር ለመዳን ስለመምረጡ አብዝቶ የጻፈው ሰው ራሱን የእናቱ እንባ ፍሬ አድርጎ ያይ ነበር። ለጓደኛሽ ይህን ንገሪው፤ በቁጣ ሳይሆን ሻይ እየጠጣችሁ።

አሁን ወደ ጥቅሶቹ። ክርክራችሁ ግማሹ ከአማርኛ የመጣ ይመስለኛል።

«የሚወደውን ይምረዋል» የሚለውን ስንሰማ ጆሯችን «የሚያፈቅረውን» ብሎ ይተረጉመዋል። ቀጥሎ «የሚወደውንም እልከኛ ያደርገዋል» ሲል እንደናገራለን፤ የሚያፈቅረውን ለምን ያደነድነዋል? እዚህ ቦታ «ወደደ» ማለት ሻ፣ ፈለገ ማለት ነው። የግሪኩ ቃል ቴሎ ነው። ልብ በይ፣ በ1ኛ ጢሞቴዎስ «ሊድኑ የሚወድ» የሚለውም ያው ቴሎ ነው። ጌታ በማቴዎስ 23፥37 ኢየሩሳሌምን፣ ዶሮ ጫጩቶችዋን ከክንፎችዋ በታች እንደምትሰበስብ «ልጆችሽን እሰበስብ ዘንድ ስንት ጊዜ ወደድሁ! አልወደዳችሁምም» ሲላት፣ ወደድሁም አልወደዳችሁምም ያው ቴሎ ነው። ነባሩ አማርኛ ሦስቱንም ቦታ «ወደደ» በሚል በአንድ ቃል በመያዙ ታማኝ ነው።

አንዳንድ ሰባኪዎች «ቴሎ ደካማ ምኞት ነው፤ ቡሎማይ የሚለው ግን የጸና ውሳኔ ነው» እያሉ ችግሩን በሰዋስው ሊፈቱት ይሞክራሉ። አያዋጣም። 2ኛ ጴጥሮስ 3፥9 «ማንም እንዳይጠፋ ወዶ» ሲል የተጠቀመው ያንኑ ቡሎማይን ነው፤ ሮሜ 9፥18 ደግሞ «ደካማ» የተባለውን። መዝገበ ቃላት እዚህ አያስታርቀንም።

«ፈቃድ» የሚለው ቃል ደግሞ የባሰ ያሳስታል። በግዕዝ ፈቀደ ማለት ወደደ፣ ሻ ማለት ነው፤ በዛሬው አማርኛ ግን ፈቀደ ማለት አልከለከለም ማለት ሆኗል። የመንጃ ፈቃድ፣ የዓመት ፈቃድ እንላለን። ሕዝቅኤል 33፥11 በነባሩ ትርጉም ኃጢአተኛው «ይሞት ዘንድ አልፈቅድም» ይላል። በዛሬ ጆሮ «አልፈቅድለትም» ብለሽ ካነበብሽው ወዲያው ትጋጫለሽ፤ ኃጢአተኛ ሲሞት እናያለንና። «ሞቱን አልሻም» ማለት ነው። ለቅሶ ቤት «የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው» ስንልም እግዚአብሔር ሽቶት ነው ወይስ አልከለከለውም ማለታችን እንደ ሆነ ብዙዎቻችን ለይተን አናውቅም። በአባታችን ሆይ «ይኩን ፈቃድከ» ብለን የምንለምነው ግን ፈቃዱ በምድር ላይ ገና ያልሆነበት ነገር ስላለ ነው። የሆነው ሁሉ እሱ የሻው ቢሆን ኖሮ ልመናው ትርፍ ነበር።

ሦስተኛው ቃል «ወሰነ» ነው፤ ይህን ሳስበው ደስ ይለኛል። በሮሜ 8፥29 «አስቀድሞ ወሰነ» የተባለው ግሪክ ፕሮኦሪዞ ነው፤ ሥሩ ኦሮስ፣ ድንበር ማለት ነው። የእኛም ወሰነ ከወሰን የመጣ ነው። ሁለቱም ቋንቋ ድንጋይ አስቀምጦ «እስከዚህ ድረስ» የሚልን ሰው ያሳያሉ። ጥቅሱ ወሰኑ ወዴት እንደ ሆነም ይናገራል፤ «የልጁን መልክ እንዲመስሉ»። ይህም አያቶቻችን «የአርባ ቀን ዕድል» ከሚሉት፣ ማን እንደ ጻፈው ከማይታወቅ ጽሕፈት የተለየ ነገር ነው። ካልቪን ራሱ የፍልስፍና ሰዎች ዕጣ ፈንታ ከሚሉት ጋር ትምህርቴን አታምታቱ ብሎ ተከራክሯል። እኛ አገር ግን ሳይምታታ የቀረበት ጊዜ ያለ አይመስለኝም፤ ብዙ ሰው አስቀድሞ መወሰንን ሲሰማ ኮከብ ቆጣሪ ነው ትዝ የሚለው።

ቃላቱ ከተጣሩ በኋላ እውነተኛው ልዩነት ይቀራል፤ እሱም የቆየ ነው። ሁለት አባቶች በአንድ ዘመን ያንኑ 1ኛ ጢሞቴዎስ 2፥4ን አንብበው ተለያዩ። ዮሐንስ አፈወርቅ (በ407 ያረፈው) ሁሉ ማለት ሁሉ ነው አለ፤ እንዲያውም አምላክን ምሰሉ፣ እሱ ሁሉ እንዲድን ከወደደ እናንተም ውደዱ፣ ከወደዳችሁም ለአረማዊው ጭምር ጸልዩ ብሎ ሰበከ። ጥቅሱን ወደ ጸሎት ነው የወሰደው፤ ደግሞም ምዕራፉ የሚጀምረው ስለ ሰዎች ሁሉ ጸልዩ ብሎ ነው። አውግስጢኖስ በበኩሉ፣ በተለይ በኋለኛ ዘመኑ፣ ሁሉ ማለት ከየወገኑ ማለት ነው፤ ከንጉሥም ከተራም፣ ከተማረም ካልተማረም አለ። ምክንያት አለው፤ ቁጥር 2 ነገሥታትን ይጠቅሳል። ካልቪን በዚህ የተከተለው እሱን ነው። እኔ የአውግስጢኖስ ንባብ ለቁጥር 2 ይሠራል፣ ለምዕራፍ 4 ቁጥር 10 ግን አይበቃም ባይ ነኝ። እዚያ አምላክ «ሰውን ሁሉ ይልቁንም የሚያምኑትን የሚያድን» ይባላል፤ «ይልቁንም» ካለ ሁሉ የተባሉት ከአማኞቹ ሰፍተዋል።

አፈወርቅ የኤፌሶንን መልእክት ሲተረጉም ሌላም ነገር ጣለልን፤ በእግዚአብሔር ዘንድ ፊተኛ ፈቃድና ሁለተኛ ፈቃድ አለ አለ። ፊተኛው ኃጢአተኛ እንዳይጠፋ ነው፤ ሁለተኛው፣ አልመለስም ያለው የመረጠውን እንዲያገኝ ነው። የካቶሊኩ ሊቅ ቶማስ አኵዊናስ ከዘመናት በኋላ ይህን በዳኛ መሰለው፤ ጥሩ ዳኛ ሰው ሁሉ በሕይወት እንዲኖር ይሻል፤ ነፍሰ ገዳዩ ፊቱ ሲቆም ግን እንዲቀጣ ይፈርዳል። ሁለቱም ፈቃዱ ናቸው፤ ፍርዱን ግን ከቤቱ ይዞት አልመጣም።

ከዚህ ወዲያ ያለው ታሪክ ረጅም ስለሆነ እየዘለልኩ ልሂድ። በ529 የኦራንዥ ጉባኤ ጸጋ ይቀድማል፣ ነገር ግን እግዚአብሔር ማንንም ለክፋት አልወሰነም ብሎ ወሰነ። በ9ኛው መቶ ዓመት ጎትሻልክ የሚባል መነኩሴ ውሳኔው ለሕይወትም ለሞትም ነው ብሎ በማስተማሩ ተገርፎ፣ መጽሐፉን በገዛ እጁ እሳት ውስጥ ጨምሮ፣ ገዳም ውስጥ ታስሮ ሞተ። ሉተር ስለ ታሰረው ፈቃድ በ1525 ሲጽፍ ከካልቪን ያልተናነሰ ጠንካራ ነበር፤ ተከታዮቹ ግን በ1577 ባወጡት የስምምነት ቀመር በሚባል የእምነት ሰነድ፣ ምርጫ ለመዳን ብቻ ነው፣ ለጥፋት የተመረጠ የለም ብለው ቆሙ። ሲጠየቁም «የዳነ በጸጋ ዳነ፤ የጠፋ በራሱ ጠፋ» ይላሉ። ሁለቱ እንዴት እንደሚገጥሙ ሊያስረዱሽ አይሞክሩም።

የካልቪን ተከታዮች የሚጠቅሷቸው አምስት ነጥቦች ከሆላንድ የመጡ ናቸው። ያዕቆብ አርሚንዮስ የሚባል የላይደን መምህር (በ1609 ሞተ) ምርጫ አምላክ አስቀድሞ ባወቀው እምነት ላይ የቆመ ነው ብሎ ያስተምር ነበር። አርሚንያን ሲባል ከአርመኖች ጋር የሚያገናኘው ነገር እንደሌለ እግረ መንገዴን ልናገር፤ ተማሪዎቼ በየዓመቱ ይሳሳቱበታል። ተከታዮቹ በ1610 አምስት አንቀጽ ጽፈው አቀረቡ። ከኅዳር 1618 ጀምሮ በዶርድሬኽት ከተማ ሲኖዶስ ተሰበሰበ፤ ከእንግሊዝ፣ ከስዊስና ከጀርመን ሳይቀር መልእክተኞች መጡ። በጥር ወር የጉባኤው ሰብሳቢ አርሚንያኖቹን «ውጡ!» ብሎ አስወጣቸው። ለአምስቱ አንቀጽ የተሰጠው መልስ ነው ዛሬ የካልቪኒዝም አምስት ነጥቦች የሚባለው። በግንቦት 1619 የአገሪቱ ትልቅ ፖለቲከኛ ኦልደንባርኔፌልት፣ የአርሚንያኖቹ ደጋፊ፣ በ71 ዓመቱ አንገቱ ተቀላ፤ ክሱ የአገር ክህደት ነበር። የሕግ ሊቁ ሁጎ ግሮትዮስ ዕድሜ ልክ ተፈርዶበት ከታሰረ በኋላ በ1621 መጽሐፍ ይመላለስበት በነበረ ሣጥን ውስጥ ተደብቆ አመለጠ፤ ዘዴው የሚስቱ ነበር። ይህን የማነሳው እነዚያ አምስት ነጥቦች በሰላም ክፍል ውስጥ እንዳልተጻፉ እንድታውቂ ነው። ያም ሆኖ የዚያ ሲኖዶስ ውሳኔ፣ የዶርት ቀኖና የሚባለው፣ ራሱ የክርስቶስ ሞት ለዓለም ሁሉ ኃጢአት የሚበቃና የሚተርፍ ነው ይላል፤ ወንጌልም ያለ ልዩነት ለሁሉ ይሰበክ ይላል። ጓደኛሽ ይህን አንቀጽ አንብቦት ከሆነ ደስ ይለኛል።

ካቶሊኮቹም አልተረፉም። ኢየሱሳዊው (ጀስዊቱ) ሉዊስ ደ ሞሊና በ1588 አንድ ብልህ መፍትሔ አቀረበ፤ እግዚአብሔር የሚሆነውን ብቻ ሳይሆን፣ እያንዳንዱ ሰው በየትኛው ሁኔታ ቢገኝ በነጻነቱ ምን እንደሚያደርግም ያውቃል። ምስክሩ 1ኛ ሳሙኤል 23 ነው። ዳዊት በቅዒላ ሳለ «የዚህ ከተማ ሰዎች ለሳኦል አሳልፈው ይሰጡኛልን?» ብሎ ጠየቀ። «አሳልፈው ይሰጡሃል» ተባለ። ዳዊት ወጥቶ ሄደ፤ ማንም አሳልፎ አልሰጠውም። አምላክ የማይሆነውን፣ ቢሆን ኖሮ የሚሆነውን ነገር ዐውቆ ነገረው ማለት ነው። ዶሚኒካውያን የሚባሉት ሌሎቹ የካቶሊክ መነኮሳት ይህ ጸጋን ለሰው ፈቃድ ሎሌ ያደርጋል ብለው ተነሱ። ሮም ላይ አሥር ዓመት ያህል ተከራከሩ። በ1607 ጳጳሱ ጳውሎስ 5ኛ፣ አንዱ ሌላውን መናፍቅ አይበል፣ ፍርዱን በጊዜው እንሰጣለን ብሎ ወደየቤታቸው ሰደዳቸው። ያ ፍርድ እስከ ዛሬ አልተሰጠም። እኔ ከመላው ታሪክ ይህን ውሳኔ እወደዋለሁ።

ወደ አገራችን ስንመጣ፣ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ በአፈወርቅ መንገድ ናት። እግዚአብሔር አስቀድሞ ያውቃል፣ ማወቁ ግን አያስገድድም፤ ጸጋውን ይሰጣል፣ ሰውም ይተባበራል። ሰባኪዎቿ የሚወዱት ሲራክ 15 ነው፤ እሳትና ውኃ ቀርቦልሻል፣ እጅሽን ወደ ወደድሽው ስደጂ። ጴንጤ ጓደኞችሽ ሲራክን እንደ ቅዱስ መጽሐፍ አይቆጥሩትምና በእሱ አትከራከሪያቸው፤ ዘዳግም 30፥19 ያንኑ ይላል። መካነ ኢየሱስ ደግሞ አስገራሚ ናት። በ1959 ስትቋቋም ሥሯ ሉተራዊ ነበር፤ በ1974 ከፕሬስቢቴሪያን ሚሲዮን የመጣችው ቤቴል ተቀላቀለቻት። የሉተርም የካልቪንም ልጆች በአንድ ጣሪያ ሥር አሉ ማለት ነው። ከሜኖናይት የመጣችው መሠረተ ክርስቶስ ነጻ ፈቃድን አጥብቃ ትይዛለች። ስለዚህ «ጴንጤዎች እንዲህ ያምናሉ» የሚል ሰው ካጋጠመሽ የትኞቹ ብለሽ ጠይቂው።

ይህን ሁሉ ዓመት ሳስተምር የተረዳሁት አንድ ነገር አለ። ወገኖቹ የሚለያዩት ዝም የሚሉበት ቦታ ላይ ነው። ካልቪናዊውን «ሁሉን መምረጥ እየቻለ ለምን ሁሉን አልመረጠም?» በይው፤ ዝም ይላል። አርሚንያኑን፣ ኦርቶዶክሱንም ጭምር፣ «እንደማይቀበለው እያወቀ ለምን ፈጠረው?» በያቸው፤ ዝም ይላሉ። ሉተራዊው መሃል ላይ ዝም ብሏል። እንደ ጥንቱ የእስክንድርያ መምህር እንደ ኦሪጅን መጨረሻ ላይ ሁሉ ይመለሳል ያለ ደግሞ «እንቢ የማለት ነጻነትስ የት ገባ?» ሲባል ዝም ይላል። ዝም የማይል ሰው ካገኘሽ ሥርዓቱን ከመጽሐፉ አስበልጧል። እኔን ከጠየቅሽኝ፣ ዝምታዬን የማስቀምጠው ከአፈወርቅ ጋር ነው፤ የጌታን የኢየሩሳሌም ለቅሶ እንደ ይስሙላ ልቆጥረው ስለማልችል። ነገር ግን ምርጫን «እንደሚያምኑ አስቀድሞ ስላወቀ» ብለው ጠቅልለው የሚፈቱትም ጥቅሱን አቅልለውታል። ሮሜ 8፥29 «አስቀድሞ ያወቃቸው» ነው የሚለው፣ እምነታቸውን አይልም። ሮሜ 9፥16ም ለወደደ ወይም ለሮጠ አይደለም ይላል፤ ይህን ጥቅስ ማንም ኦርቶዶክስ እንዳልተጻፈ ማድረግ አይችልም።

ስለ ሮሜ 9 ግን አንድ ነገር። ያዕቆብን ወደድሁ፣ ኤሳውን ጠላሁ የሚለው ከሚልክያስ የመጣ ነው፤ እዚያ የሚናገረው ስለ ሁለት ሕዝቦች ነው። ዘፍጥረት 25፥23ም ለርብቃ ሁለት ሕዝብ በማኅፀንሽ አለ ይላታል። ኤሳው በግሉ ገሃነም ገባ የሚል የለም፤ እንዲያውም በመጨረሻ ያዕቆብን ሮጦ አንገቱን አቅፎ ሲስመው ነው የምናየው። ጳውሎስ እዚያው የሚጠቅሰው ሸክላ ሠሪም ከኤርምያስ 18 ጋር ይነበብ። ነቢዩ ወደ ሸክላ ሠሪው ቤት ወርዶ ያየው፣ ዕቃው በእጁ ሲበላሽበት ያንኑ ጭቃ ሰብስቦ እንደገና ሲሠራው ነው፤ ያ ሕዝብ ከክፋቱ ቢመለስ እኔም እመለሳለሁ የሚለው ቃል የመጣው ከዚያ ጭቃ ነው። ፈርዖንንም ብትቆጥሪ፣ በመጀመሪያዎቹ አምስት መቅሠፍቶች ልቡ ደነደነ ወይም እሱ አደነደነ ይላል፤ በመቅሠፍቶቹ መካከል እግዚአብሔር አደነደነው የሚለው በስድስተኛው ይጀምራል (ዘጸአት 9፥12)። እርግጥ ገና ሳይጀመር በ4፥21 አደነድነዋለሁ ብሎ ነበርና ይህ ቆጠራ ሁሉን አይፈታም። ኦሪጅን ያው ፀሐይ ሰሙን ያቀልጣል፣ ጭቃውን ያደርቃል ብሎ መስሎታል።

«እኔስ ካልተመረጥኩ?» የሚል ፍርሃት ውስጥ ውስጡን ካለሽ፣ እዚህ ላይ ጠበኞቹ ሁሉ አንድ ቃል ናቸው። ካልቪን ምርጫሽን በራስሽ ውስጥ ወይም በተሰወረው ምክር ውስጥ አትፈልጊው፣ መስታወቱ ክርስቶስ ነው ይላል። ሉተር በዚሁ ፍርሃት ሲሠቃይ የነፍስ አባቱ ሽታውፒትስ የክርስቶስን ቁስል እንዲያይ ነው የነገረው። ሰማይ ቤት ያለውን መዝገብ እንድትፈትሺ የሚያዝሽ ከባድ ሚዛን ያለው መምህር አላውቅም፤ ያንቺንም የወንድምሽንም።

ለቡድናችሁ የምመክረው ይህን ነው፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ 9፥18ን ነጥላችሁ አትክፈቱ። ከ9፥1 እስከ 11፥36 ያለውን 90 ቁጥር አንድ ሰው ጮክ ብሎ ያንብብ፤ ሩብ ሰዓት ቢፈጅ ነው። ጳውሎስ ሲጀምር ስለ ወገኖቹ ብዙ ኀዘን አለብኝ፣ ስለ እነርሱ ከክርስቶስ ተለይቼ የተረገምሁ ብሆን ይላል። የሸክላ ሠሪውን ነገር ከጨረሰ በኋላ በ10፥1 የልቡ ምኞትና ወደ እግዚአብሔር የሚያቀርበው ልመና እንዲድኑ እንደ ሆነ ይናገራል። በ11፥32 ሁሉን ይምር ዘንድ ሁሉን ዘግቶታል ይልና ክርክሩን ትቶ ማመስገን ይጀምራል። አንባቢው አንቺ ብትሆኚ ጥሩ ነው። 10፥1 ላይ ስትደርሺ ቆም በይ፤ የወንድምሽን ስም እዚያ ጋ ጥሪ።